የስኮትላንድ ነጻነት ጥያቄ ለምን አያልቅም? መሪዎቹስ የት ላይ ተሰናከሉ?

ስለ ስኮትላንድ ነጻነት ሲወራ ሁለት የተሳሳቱ አባባሎች ተደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው «ሕዝቡ በ2014 ድምፅ ሰጥቶ እንቢ ብሏል፤ ጉዳዩ አብቅቷል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ስኮትላንዳውያን ከፈለጉ ነገ ሕዝበ ውሳኔ ጠርተው መሄድ ይችላሉ» የሚለው ነው። ጉዳዩ አላበቃም፤ ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ሥልጣኑም ያለው በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ሳይሆን በለንደን ነው።

መገንጠሉ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ለባለጉዳዮቹ እንተወው። እዚህ የሚብራራው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራና ለምን ባለበት እንደቆመ ነው። አንድ ነገር ግን ከመነሻው ልበል። የነጻነቱም ሆነ የአንድነቱ ጎራ ብርቱ መሪ አጥቶ አያውቅም። አብዛኞቹ ጉዳዩን ያራመዱት በተካኑበት ነገር ነው፤ የተሰናከሉትም ያው ችሎታቸው በማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኮትላንድ አገር ናት ወይስ ክልል?

ሁለቱንም ትመስላለች። የስኮትላንድና የእንግሊዝ ዘውድ በአንድ ራስ ላይ ያረፈው የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝን ዙፋን በወረሱበት በ1603 ነው። ፓርላማዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው ቆዩ፤ የተዋሐዱት በ1707 ነው። ከውሕደቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስኮትላንድ በፓናማ ጠረፍ፣ ዳሪየን በተባለ ስፍራ ቅኝ ግዛት ለመመሥረት ሞክራ ነበር። ከአገሪቱ ጥሪት ቀላል የማይባለው እዚያ ፈስሶ ቀረ። ባለርስቶቿንና ነጋዴዎቿን ወደ ውሕደቱ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ኪሳራ ነው። ቢሆንም ሁሉም ነገር አልተጠቀለለም፤ ሕጓና ፍርድ ቤቶቿ፣ ቤተ ክርስቲያኗና የትምህርት ሥርዓቷ ለብቻቸው ቀጠሉ።

የራሷን ፓርላማ መልሳ ያገኘችው በ1999 ነው። በ1979 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት መካከል 51.6 በመቶው የራስን ምክር ቤት ደግፈው ነበር። ይሁንና ሕጉ ከተመዘገበው መራጭ ሁሉ 40 በመቶው እንዲደግፍ ይጠይቅ ስለነበር ሳይሳካ ቀረ። በ1997 ግን 74.3 በመቶው ደገፈና 129 መቀመጫ ያለው ፓርላማ ኤዲንብራ ላይ ተቋቋመ። የመንግሥቱ መሪ ቀዳማዊ ሚኒስትር ይባላል። ጤና፣ ትምህርት፣ ፖሊስና ፍትሕ በእርሱ ሥር ናቸው። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የመገበያያ ገንዘብ፣ ኢሚግሬሽንና ከሁሉም በላይ የአንድነቱ ጉዳይ ለለንደን ተጠብቀዋል።

ነገሩን በቤት ኪራይ ማሰብ ይቻላል። ተከራዩ ግድግዳውን እንደፈቀደ ይቀባል፣ ዕቃውን ያዘዋውራል፣ እንግዳ ይጋብዛል፤ የቤቱ ካርታ ግን በአከራዩ ስም ነው። የኤዲንብራ ፓርላማ ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው።

አንቀጽ 39ን የሚመስል ነገር የላቸውም?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 የመገንጠልን መብት ከነሥርዓቱ ጽፎታል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በተግባር ይሠራል አይሠራም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን መንገዱ አለ።

ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የላትም። መገንጠልን የሚፈቅድ አንቀጽ የለም፤ በቀጥታ የሚከለክልም የለም። ያለው በ1998 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 30 መሠረት ለንደን ከያዘችው ሥልጣን የተወሰነውን ለኤዲንብራ ፓርላማ ልታውስ ትችላለች። የ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ እዚያ ጉዳዩ በሁለት መንግሥታት መሪዎች መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመሪ ብርታትና ድክመት ከሌላው አገር ይልቅ በስኮትላንድ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ሳልመንድ ከሲሶ ተነሥተው 45 በመቶ እንዴት ደረሱ?

ነጻነትን የሚሻው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በ1934 ቢመሠረትም ለብዙ ዘመን ከዳር የቆመ ትንሽ ፓርቲ ነበር። ከዳር አንሥተው ቤተ መንግሥት ያስገቡት አሌክስ ሳልመንድ ናቸው። ወደ ፖለቲካ ሳይገቡ በባንክ ውስጥ የነዳጅ ጉዳይ ኢኮኖሚስት ነበሩ። በ2007 ምርጫ ፓርቲያቸው 47 መቀመጫ አገኘ፤ ተቀናቃኙ ሌበር ፓርቲ 46። ሳልመንድ በዚያች በአንዲት መቀመጫ ብልጫ አናሳ መንግሥት መሥርተው አራት ዓመት ገዙ። በ2011 ደግሞ ከ129 መቀመጫ 69ኙን ወሰዱ። የምርጫ ሥርዓቱ የተቀረጸው አንድ ፓርቲ ብቻውን አብላጫ እንዳያገኝ ስለነበር፣ ውጤቱ ወዳጅም ጠላትም ያልጠበቀው ነው።

የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን ይህን አይተው ሕዝበ ውሳኔውን ፈቀዱ። በኦክቶበር 2012 ኤዲንብራ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት የሁለቱንም ጠባይ ያሳያል። ካሜሩን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አሉ፦ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፣ «ተጨማሪ ሥልጣን» የሚል መካከለኛ ምርጫ አይኑር። ሳልመንድ በበኩላቸው ቀኑን፣ የጥያቄውን አቀራረብና የ16 ዓመት ወጣቶች ድምፅ እንዲሰጡ የሚፈቅደውን ድንጋጌ ወሰዱ። በዚያን ጊዜ ነጻነትን የሚደግፈው ሕዝብ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም ነበርና ካሜሩን ያለ ሥጋት ነው የፈረሙት።

የሳልመንድ ብርታት የሩቅ ሕልም ይባል የነበረውን ነገር መደበኛ የመንግሥት ዕቅድ አስመስሎ ማቅረብ ነበር። ድክመታቸውም እዚያው ነው፤ ያልተፈታውን ጥያቄ እንደተፈታ አድርጎ በልበ ሙሉነት መናገር። የመገበያያ ገንዘቡ ጉዳይ ይህን አጋለጠ። ነጻ ስኮትላንድ ፓውንድን ከቀሪው ብሪታንያ ጋር በጋራ ትጠቀማለች አሉ። በፌብሩዋሪ 2014 የለንደኑ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦዝቦርን «አይሆንም» ሲሉ ሌበርና ሊበራል ዴሞክራቶችም አብረው እንቢ አሉ። ሳልመንድ ማስፈራሪያ ነው ብለው አለፉት።

ኦገስት 5 ቀን 2014 በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ግን ሊያልፉት አልቻሉም። የአንድነቱ ዘመቻ መሪ፣ የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር አሊስተር ዳርሊንግ ዝምተኛና ደረቅ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የስምንት ዓመት ልጅ እንኳ የአንድን አገር ባንዲራ፣ ዋና ከተማና ገንዘብ ይነግራችኋል፤ እርስዎ ግን ገንዘባችን ምን እንደሚሆን አልነገሩንም አሏቸው። ፓውንዱ ቢከለከል ሁለተኛው ዕቅድዎ ምንድን ነው እያሉ ደጋግመው ጠየቁ፤ ሳልመንድ አልመለሱም። ይባስ ብለው ተራቸው ሲደርስ ውድ ደቂቃቸውን ያጠፉት ተቃዋሚዎቻቸው ከነጻነት በኋላ መኪና በቀኝ ይነዳል፣ ከሌላ ፕላኔት ወራሪ ይመጣል ብለዋል በሚሉ ቧልቶች ላይ ነው። አፈኛው ሰው በደረቁ ሰው ተረታ። በሁለተኛው ክርክር ሳልመንድ ቢያሸንፉም ጥያቄው በመራጩ ልብ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ሆኖም ሴፕቴምበር 7 ቀን ነጻነት በ51 በመቶ ይመራል የሚል የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ወጣ፤ ለንደን ተደናገጠች። የሦስቱ ዋና ፓርቲዎች መሪዎች ወደ ስኮትላንድ በረሩ፤ ለስኮትላንድ ፓርላማ ተጨማሪ ሥልጣን እንሰጣለን የሚል ቃል ኪዳናቸውም በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ታተመ። ከምርጫው ዋዜማ ግላስጎው ላይ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ወረቀት ሳይዙ፣ መድረኩን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የዘመቻውን ምርጥ ንግግር አደረጉ። ብራውን በሥልጣን ዘመናቸው በዝግታና በግትርነት የተወቀሱ ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን የአገሬው ልጅ ለአገሬው ሰው እንደሚናገር ተናገሩ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 84.6 በመቶ መራጭ ወጣ። 55.3 በመቶው «አይደለም» አለ፤ 44.7 በመቶው «አዎ»። ግላስጎውና ዳንዲ የነጻነቱን ወገን መረጡ፤ ኤዲንብራ አልመረጠችም። ሳልመንድ በማግስቱ እንደሚለቁ አስታወቁ።

ካሜሩን አሸንፈው እንዴት ተሸነፉ?

የነጋው ገና በማለዳ፣ የድምፅ ቆጠራው ወረቀት ሳይሰበሰብ፣ ካሜሩን ከቢሯቸው በር ላይ ቆመው መግለጫ ሰጡ። ስኮትላንድን አመስግነው ወዲያው ወደ እንግሊዝ ዞሩ፦ የእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ብቻ በእንግሊዝ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጡበት ሥርዓት ይበጃል አሉ። የራሳቸውን ፓርቲ ለማስደሰት የተነገረ ነበር። ትናንት «አትሂዱብን» ሲባል የነበረው ስኮትላንዳዊ ግን «ጉዳያችንን ጨርሰናል» የተባለ መሰለው።

ካሜሩን ዕለታዊውን የፖለቲካ ጨዋታ በማሸነፍ የሚታሙ አልነበሩም። ከዕለቱ ማዶ ማየት ነበር ችግራቸው። ከስምንት ወር በኋላ በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ከስኮትላንድ 59 መቀመጫዎች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። በስኮትላንድ 41 መቀመጫ የነበረው ሌበር አንዲት ብቻ ቀረችው። በ2016 ደግሞ ያው ጠቅላይ ሚኒስትር ያንኑ መድኃኒት ለአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ሞከሩት። ከስኮትላንድ መራጮች 62 በመቶው በኅብረቱ መቆየትን መረጡ፤ ብሪታንያ በአጠቃላይ ግን ወጣች። በ2014 «ከብሪታንያ ከወጣችሁ ከአውሮፓ ትወጣላችሁ» የተባለ ሕዝብ፣ ከብሪታንያ ሳይወጣ ከአውሮፓ ወጣ።

ስተርጅን ስምንት ዓመት ገዝተው ለምን አልተሳካላቸውም?

ኒኮላ ስተርጅን ሳልመንድን የተኩት በኖቬምበር 2014 ነው። ጠንቃቃ፣ የሥራውን ዝርዝር የሚያውቁ፣ ለማንም በሚገባ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። በኮሮና ጊዜ ዕለት ዕለት በቴሌቪዥን ቀርበው የሰጡት መግለጫ ከለንደኑ ዝርክርክ አያያዝ ጋር ሲነጻጸር ከበሬታን አተረፈላቸው፤ በ2020 የነጻነት ድጋፍ በብዙ መለኪያዎች ከግማሽ በላይ የዘለቀው በዚያው ሰሞን ነው።

ሕዝበ ውሳኔውን ለማስፈቀድ ግን የሚያናግሩት ሰው አጡ። ቴሬሳ ሜይ በ2017 ጊዜው አይደለም አሉ። ቦሪስ ጆንሰን በ2020 በደብዳቤ እንቢ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሳልመንድም ስተርጅንም በ2014 ይህ ዕድል በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው ማለታቸው ነበር። በዘመቻ ሙቀት የተነገረ ቃል በስተርጅን አንገት ላይ ታሰረ። ስተርጅንም ጉዳዩን ወደ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ኖቬምበር 23 ቀን 2022 አምስት ዳኞች ያለ ልዩነት ፈረዱ፦ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ፣ ምክር የሚጠየቅበት ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ለለንደን የተጠበቀውን የአንድነቱን ጉዳይ ይነካል፤ ስለዚህ የኤዲንብራ ፓርላማ በራሱ ሊያውጀው አይችልም። ፍርዱን ያነበቡት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሎርድ ሪድ ራሳቸው ስኮትላንዳዊ ናቸው።

ከፍርዱ በኋላ ስተርጅን ቀድሞ ያነሡትን፣ የሚመጣውን ጠቅላላ ምርጫ እንደ ሕዝበ ውሳኔ እንቁጠረው የሚል ሐሳብ ገፉበት። የራሳቸው ፓርቲ ተከፋፈለበት፤ በፌብሩዋሪ 2023 መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ጥንቃቄያቸው ሌላ ገጽ ነበረው። ውሳኔ የሚሰጠው በጥቂት ሰዎች መካከል ነበር፤ የፓርቲው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ባለቤታቸው ነበሩ። በማርች 2023 የፓርቲው አባላት ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ ከነበረበት ወደ 72 ሺህ መውረዱ፣ ይህም ለጋዜጠኞች በትክክል አለመነገሩ ሲታወቅ ባለቤታቸው ለቀቁ። ፖሊስም ከ2021 ጀምሮ የፓርቲውን ገንዘብ ሲመረምር ነበር። ስተርጅን በጁን 2023 ተይዘው ያለ ክስ ተለቀቁ፤ በ2025 ምርመራው እርሳቸውን እንደማይመለከት ተነገራቸው።

ለተራው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የመርከቧ ነገር ቅርብ ነው። ለምዕራብ ደሴቶች ማመላለሻ የታዘዘችው ግሌን ሳኖክስ በኖቬምበር 2017 ስተርጅን በተገኙበት በሥነ ሥርዓት ወደ ውኃ ወረደች። የመርከቧ አዛዥ የሚቀመጥበት ክፍል መስኮቶች ገና አልተገጠሙም ነበርና በቀለም ተቀብተው ነበር የታዩት። ተሳፋሪ መጫን የጀመረችው በጃንዋሪ 2025 ነው፤ የእርሷና አብራ የታዘዘችው ሁለተኛዋ መርከብ ወጪም ከታሰበው 97 ሚሊዮን ፓውንድ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። «ትንሿን መርከብ መሥራት ያቃተው አገር ይመሠርታል?» የሚለው የተቃዋሚዎች አነጋገር የተፈጠረው ከዚህ ነው። ፍትሐዊ ነው አይደለም ያከራክራል፤ ብዙ ነጻ አገሮችም መርከባቸው ዘግይቶባቸዋል። ግን ይወጋል።

ሐምዛ ዩሱፍን የጣለቻቸው አንዲት ድምፅ

ተተኪው ሐምዛ ዩሱፍ ጨዋና ተግባቢ ሰው ናቸው፤ የምዕራብ አውሮፓን ዴሞክራሲ በመሪነት ከያዙ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው። ያነሳቸው ነገር ሒሳብ ነው። መንግሥታቸው የቆመው ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ጋር በተገባ ስምምነት ነበር። በአፕሪል 2024 መንግሥት የ2030ን የአየር ብክለት ቅነሳ ግብ ሲተወው አረንጓዴዎቹ ተቆጡ፤ በስምምነቱ ይቆዩ እንደሆነ አባሎቻቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። ዩሱፍ ቀድመው በማለዳ ጠርተው ስምምነቱን ራሳቸው አፈረሱት። ቆራጥነት ለማሳየት ነበር። ተቃዋሚዎች ግን በዩሱፍ ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ቆጠራው 63 ለ65 ነበር፤ ከ65ቱ አንዷ ወደ ዩሱፍ ብትመጣ እኩል ለእኩል ይሆንና አፈ ጉባኤዋ በልማዱ ነባሩን ሁኔታ ይደግፉ ነበር።

ያቺ አንዲት ድምፅ የአሽ ሬገን ሆነች። ሬገን ከወራት በፊት ፓርቲውን ትተው ሳልመንድ ይመሩት ወደነበረው፣ አልባ ወደተባለው ፓርቲ ሲሄዱ፣ ዩሱፍ «ትልቅ ጉዳት አይደለም» ብለዋቸው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስምምነቱን ባፈረሱ በአራተኛው ቀን ዩሱፍ መልቀቃቸውን አስታወቁ። የፓርቲው ነባር ሰው ጆን ስዊኒ ተክተዋቸው ሊያረጋጉ መጡ፤ በጁላይ 2024 ግን ፓርቲው በለንደን ፓርላማ ወደ 9 መቀመጫ ወረደ።

እዚህ ላይ ብዙ የውጭ ዘገባ ይስታል። ፓርቲው ወደቀ ማለት ነጻነት ተጠላ ማለት አይደለም። በዚያው ሰሞን የነጻነት ድጋፍ በአስተያየት መለኪያዎች ላይ ከግማሽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እንደነበረው ነበር። ወጣቱ ይደግፋል፣ አረጋዊው ይቃወማል። መሪ ሲወድቅ አብሮ ያልወደቀው፣ መሪ ሲገንንም ከግማሹ ብዙ ርቆ ያልሄደው ለዚህ ነው።

ገንዘቡስ?

በ2023–24 በጀት ዓመት የስኮትላንድ ገቢና ወጪ በወረቀት ተለይቶ ሲሰላ፣ ጉድለቱ ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶውን ጥቂት ይበልጣል፤ ከብሪታንያ አማካይ እጥፍ በላይ ነው። የአንድነቱ ወገን ይህን ክፍተት የሚሞላው ለንደን ነው ይላል። የነጻነቱ ወገን ቁጥሩ የሚያሳየው በብሪታንያ ሥር ያለችውን ስኮትላንድ እንጂ የራሷን ፖሊሲ የምትቀርጸውን አይደለም ይላል። በ2013 ሳልመንድ ያሳተሙት ወፍራም የነጻነት ሰነድ በርሜል ነዳጅ 110 ዶላር ገደማ ይሸጣል ብሎ አስልቶ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ከአውሮፓ መውጣቱም ሁለት ስለት አለው። ለመገንጠል አዲስ ምክንያት ሰጠ፤ ነጻ ሆና አውሮፓን ብትቀላቀል ግን ከወሰኗ ውጭ ከምትሸጠው ከግማሽ በላይ ከሚገዛት ከቀሪው ብሪታንያ ጋር የጉምሩክ ድንበር ይመጣባታል።

ግላስጎው የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድምፅ ይሰጣል?

በ2014 የሚሰጡት በስኮትላንድ የሚኖሩ የብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የኮመንዌልዝ ዜጎች ነበሩ። ለንደን የሚኖር ስኮትላንዳዊ አልሰጠም፤ ግላስጎው የሚኖር ፖላንዳዊ ሰጥቷል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የብሪታንያ ዜግነት ያልያዘ ኢትዮጵያዊ አልሰጠም። በ2020 የወጣ የስኮትላንድ ሕግ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ሁሉ፣ ጥገኝነት ያገኙትን ጨምሮ፣ በስኮትላንድ ፓርላማና በአካባቢ ምርጫ መራጭ አድርጓቸዋል። ገና ጉዳዩ በውሳኔ ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ አይካተትም።

ታዲያ ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ በምን ይመጣል?

ከፍርዱ በኋላ የቀረው ሕጋዊ መንገድ ለንደን ሥልጣኑን ማዋስ ወይም ሕጉን መለወጥ ነው። ስዊኒ በ2025 ፓርቲያቸው እንደ 2011 ብቻውን አብላጫ መቀመጫ፣ ማለትም 65 ቢያገኝ በቂ ፈቃድ ሊቆጠር ይገባል አሉ፤ የለንደን መንግሥት ግን ይህን መለኪያ አልተቀበለውም። ለሰሜን አየርላንድ በ1998ቱ የሰላም ስምምነት መለኪያ ተቀምጧል፦ አብዛኛው ሕዝብ ከአየርላንድ ጋር መዋሐድን ሊመርጥ እንደሚችል ሲታይ የለንደኑ የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ግዴታ አለባቸው፤ በሁለት ሕዝበ ውሳኔዎች መካከልም ቢያንስ ሰባት ዓመት ያልፋል። ለስኮትላንድ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። ስንት በመቶ ሕዝብ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ምርጫ ቢጠይቅ ለንደን እሺ ማለት እንዳለባት በየትኛውም ሕግ ውስጥ አልተጻፈም።